በወር ስድስት እሽግ ሞዴስ

ሮቤ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ "አዴ" የሚላቸው አንድ እናት አሉ። አንድ ቀን የወሩን ስድስተኛ እሽግ ሞዴስ በጥቁር ፌስታል እየከተቱልኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ትምህርት ቤት ወስደሽ ትሸጫለሽ እንዴ?" አሉኝ።

ሳቄ መጣ። የወር አበባዬ አንዴ ከመጣ አስር ቀን እንደሚቆይ፣ ደሙ እንደሚጓጉል፣ ቁርጠቱ ምጥ እንደሚመስል ነገርኳቸው። ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል። ሆዴም ከመነፋቱ የተነሳ ባልደረቦቼ ስንተኛ ወርሽ ነው ማለት ጀምረው ነበር። እኔ ግን በየዓመቱ የማህፀንን ሥዕል ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ፣ የራሴን ለማንም አላሳየሁም።

አዴ ሐኪም ዘንድ እንሂድ አሉኝ፤ የተማሪዎቼ ፈተና ይለፍ ብል አልሰሙኝም። በማግስቱ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብለው ጎባ ወዳለ ክሊኒክ ይዘውኝ ሄዱ።

ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አይታኝ፣ ካንሰር አይደለም አለችኝ። በየወሩ የሚፈሰው የማህፀን የውስጥ ሽፋን ጡንቻው ውስጥ ሰርጎ ገብቷል፤ እዚያም ሆኖ በየወሩ ያብጣል፣ ይደማል፤ ለዚህ ነው ማህፀኔ የተለቀው። ስሙ አዴኖማዮሲስ ነው። ለምን እንደሚመጣ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ወሊድ ወይም ቀዶ ጥገና በሽፋኑና በጡንቻው መካከል ያለውን ድንበር ሊያላላው ይችላል፤ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ደግሞ ይመግበዋል። ሁለቱንም ልጆቼን በቀዶ ጥገና ነው የወለድኩት።

ስንመለስ አዴ ሚኒባሱ ውስጥ፣ "ምን አለችሽ?" አሉኝ ጮክ ብለው። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ ኦሮምኛዬ አስረዳኋቸው። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው የገብስ ማሳ መቁጠር ያዙ። ከኋላ አንዲት ሴት ክሊኒኩ የት እንደሆነ ጠየቀችን።

ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ ተደረገልኝ፤ ለደም ማነሱም የአይረን ክኒን ታዘዘልኝ። መጀመሪያ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ደም አሰልችቶኝ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ግን ደሙም ቁርጠቱም ቀለለ፤ ነጭ ቀሚስ ለብሼ አስተማርኩ።

ይህን ስነግራቸው አዴ፣ "እኔም እስኪቆም ድረስ እንዲሁ ነበርኩ። የሁሉም ሴት መስሎኝ ነበር" አሉኝ።

በሳምንቱ ትንሿን ልጃቸውን ጎባ ወስደው አስመረመሯት፤ ልጅቷ ግን ምንም አላመመኝም እያለች እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ ስትከራከር ነበር።