የወለተሩፋኤል መዳፍ

ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር በሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ካሳደግኩ ወዲያ፣ በማታ ትምህርት ነው። እጄም ቀርፋፋ ነው፤ ያጣመምኩትን እያቃናችሁ አንብቡልኝ። እኔ ሸምሲያ ነኝ። የምጽፈው ግን ስለ ራሴ አይደለም፣ ጎንደር ውስጥ ባንድ አጥር አብራኝ ስለምትኖረው ጎረቤቴ ስለ ወለተሩፋኤል ነው።

ወለተሩፋኤል ባሏ ከሞተ ወዲህ ጠላ ሸጣ ነው የምታድር። የሚሌኒየሙ ሰሞን፣ እንስራ ስታነሳ ወገቧ ተያዘ። ጎንበስ ካለች ቀና ማለት አቃታት። ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ጡንቻ የሚያላላ ኪኒን ሰጣትና፣ «መጠጥ እንዳትጠጪበት» አላት።

«ኧረ እኔ አልጠጣም» አለች።

እውነቷን ነው። ትሸጣለች እንጂ ቁጭ ብላ ስትጠጣ አይተናት አናውቅም።

የገበያ ቀን ኪኒኗን ውጣ ስትቀዳ ዋለች። ወደ ማታ ገደማ አንገቷ ዘመመ፣ ምላሷ ተሳሰረ። ከትክል ድንጋይ እህል የሚያመጣው አያ ክንዱ፣

«ምነው፣ ዛሬስ ባለጠላዋ ቀድማን ሞቅ አላት» ቢል ቤቱ ሳቀ።

ልትመልስለት አፏን ከፍታ፣ እዛው መደቡ ላይ ተኛች። ቢቀሰቅሷት አትሰማም፤ ትንፋሿም ዘገየ። ሳቁ ቆመ። ሲጠሩኝ ደረስኩ፤ አያ ክንዱ አቅፎ ባጃጅ ላይ ጫናት።

ሐኪሙ አፏን አሽትቶ፣ «ጠጥታለች» አለ።

«አትጠጣም» አልኩ።

አያ ክንዱ ኮፍያውን አወለቀ። «ጌታዬ፣ ለሰው ሁሉ ስትቀዳ መዳፏ ላይ አድርጋ ትቀምሳለች። የቀዳ ካልቀመሰ ማን ይጠጣል? ዛሬ ደግሞ ሰዉ ብዙ ነበር።»

ሐኪሙም፣ «ኪኒኑም ጠላውም አእምሮን ያደነዝዛሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ሰውነት ይዝላል፣ ትንፋሽም ሊቆም ይችላል። አንዱን መተው አለባት» አለ።

ስትነቃ ይህንኑ ነገርኳት።

«ካልቀመስኩ አይጠጡልኝም። ካልዋጥኩ እንስራ አላነሳም» አለች። ቀጥላም፣ «ሸምሲያ፣ አንቺ በቀመስሽልኝ።»

«እኔማ ከሽታው ስሸሽ ነው የኖርኩት» አልኳት። ፈገግ አልን። ብዙም አልዘለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልላ አመጣችልኝ። «ቤቴ ካለ እውጠዋለሁ፤ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።» ከዚያ ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ አሰረች። እንስራውን ትታ፣ ጠላውን በትንሽ ማሰሮ እየተመላለሰች ማውጣት ያዘች። የመጀመሪያው ሰው ሲገባ ቀዳችለት፤ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ጣሳውን ሰጠችው።