የሚያለቅሰው የስልክ መስመር

ነቀምቴ በአንድ የግብርና ፕሮጀክት ቢሮ በጸሐፊነት ስቀጠር ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቤተሰቦቼ ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና የሰፈሩ ስለሆኑ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል እናገራለሁ። እኩል የምለው ግን እኔ ነኝ። አለቃዬ ኦሮምኛዬን በሰሙ ቁጥር ፈገግ ይላሉ። “ኢንታላ ኮ፣” ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ “ቃሉ የኛ ነው፤ ዜማው ግን ከወሎ እንደመጣ አለ።”

አለቃዬ ጡረታ የደረሱ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ሳይቆልፉ ሰው ፊት የማይቀርቡ ሰው ነበሩ። ለቢሮው ኮምፒውተር ሲመጣ በጥሩ አናጺ ጠረጴዛ አሠሩለት፤ ባለቤታቸው የጠለፉትን ጨርቅ አለበሱትና ለወራት እንዲሁ እንግዳ ሲመጣ ብቻ እየገለጥን እናሳየው ነበር።

ከዚያ አንድ ባለሙያ ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት መጣ። በዲስክ ያመጣውን ፕሮግራም ጫነ፣ ሞደም የሚባል ትንሽ ሳጥንም ከስልካችን ጋር አገናኘ።

“ከአሁን በኋላ በስልክ መስመር አዲስ አበባ ያለው ትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ ትገባላችሁ” አለን። “እዚህ የምትጽፉት እዚያ ይቀመጣል፤ እዚያ ያለው እዚህ ይታያል።”

አለቃዬ አሰብ አደረጉና “ታዲያ የኛው ምን ሊሠራ ነው?” አሉት።

“የትልቁ ስክሪን እንደሆነ ያስመስላል።”

“ለአስመሳይ ነው እንዴ ይህን ጠረጴዛ ያሠራሁት?” አሉ፣ ወደኔ ዞረው።

የመጀመሪያው ቀን በላቲን ፊደል ሰላም ብዬ ጻፍኩ። አምስቱ ፊደላት አሥር ሆነው ወጡ፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ። እኔ ደነገጥኩ፣ አለቃዬ ግን ደስ አላቸው። ቁቤ ገና አዲስ የነበረበት ጊዜ ነው፤ ኦሮምኛን በላቲን መጻፍ በስተርጅና እየተማሩ፣ የቱ ፊደል እንደሚደገም የቱ እንደማይደገም ሁልጊዜ ግራ ይገባቸዋል። “ይኸውልሽ፣ እሱ እንኳ ከኔ ቀድሞ ተምሯል” አሉኝ። በኋላ ባለሙያውን ስጠይቀው፣ አንዱን ፊደል የኛም ማሽን የአዲስ አበባውም ማሽን ስለሚያሳዩት ነው ብሎ አስተካከለልን። አለቃዬ ትንሽ ቅር አላቸው።

ሪፖርታችንን የምንልከው ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ያኔ ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ መደወል ስለማይቻል፣ ስልክ ቤት ላሉት ኦፕሬተር ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ፤ መስመሩ ሲገኝ ሞደሙን አስነስቼ እጀታውን እዘጋለሁ። ኦፕሬተሯን ከተማው ሁሉ አዴ ይላቸዋል፣ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ እኛም አዴ እንላቸዋለን። አለቃዬ ከጎኔ ቆመው “በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ” ብለው ይጀምራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የጉቶ ጊዳ አካባቢ የበቆሎ ምርት ላይ ስንደርስ ስክሪኑ በማይነበብ ምልክት ይሞላና መስመሩ ይቋረጣል። በሚቀጥለው ሐሙስም እዚያው። በሦስተኛውም።

“ይህ ማሽን የጉቶ ጊዳን በቆሎ አይወድም” አሉ አለቃዬ።

በአራተኛው ሐሙስ ምልክቶቹ መፍሰስ ሲጀምሩ እጀታውን አነሳሁ። አዴ መስመሩ ላይ ነበሩ። “ሄሎ? ሄሎ? ማን ነው የሚያለቅሰው? ደህና ናችሁ?”

ወዲያው ተነስቼ ስልክ ቤት ሄድኩ። አዴ ለማንኛውም ደዋይ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ገብተው “ጨረሳችሁ?” ይላሉ፤ ሥራቸው ነው። እኛ ላይ ሲገቡ ግን የሚሰሙት የሚያንቋርር ድምፅ ነው። “ሰው እየጮኸ መስመሩን ዝም ብዬ ልተወው ወይ?” አሉኝ። ኮምፒውተሮች እየተነጋገሩ ነው ብላቸው በጥርጣሬ አዩኝ። መጥተው እንዲያዩ ጋበዝኳቸው።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ተረኝነታቸውን ለባልደረባቸው ሰጥተው መጡ። አዲስ አበባ ላለው ባለሙያ እንግዳ አለን ብዬ ጻፍኩለት። ስክሪኑ ላይ ፊደላት አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ “እንኳን ደህና መጡ” የሚል ነበር። አለቃዬ የኮታቸውን ቁልፍ ነካ ነካ አድርገው ለስክሪኑ እጅ ነሱ።

አዴ ወንበሬን ያዙና በአንድ ጣት በቁቤ ጻፉ፦ “አካም ጅርታ?” እንደምን አለህ ማለታቸው ነው።

ትንሽ ቆየና መልሱ በኦሮምኛ መጣ። ለካ ባለሙያው ከነቀምቴ ብዙ ያልራቀችው የጊምቢ ልጅ ነው፤ እስካሁን በአማርኛ ብቻ ስናወራው ማንም አልጠየቀው፣ እሱም አልተናገረ። አዴ ስለ ቤተሰቡ ጠየቁ። ስለ ከብቶቹ ጠየቁ። የማን ልጅ እንደሆነ ሊደርሱበት የአያቱን ስም እየጻፉ ሳሉ ስክሪኑ በምልክት ተሞላና ጠፋ። ባልደረባቸው ሦስት ደቂቃውን ቆጥራ ገብታለች።

አዴ እጃቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀሩ። “እንዲህ የሰውን ጨዋታ ከአፉ ይነጥቃሉ?” አሉ። እኔና አለቃዬ ላለመሳቅ ግድግዳ ግድግዳውን አየን።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ጠዋት የሚደውሉት አዴ ራሳቸው ሆኑ። “ዛሬ መስመሩ ጥሩ ነው፤ አስጀምሩት” ይላሉ። የኛን ጥሪ ለማንም አሳልፈው አይሰጡም፤ ማልቀሱን እስኪጨርስ ሳይነኩት ይጠብቃሉ።

የመጀመሪያው ሙሉ ሪፖርት፣ ከከበረው ሰላምታ መጨረሻ ላይ እስካለው የምርጥ ዘር ጥያቄ ድረስ፣ ያለ አንዲት ግድፈት ደረሰ። አለቃዬ ከደስታቸው የተነሳ ለቢሮው ሁሉ ለስላሳ ጋበዙ። መልሱም በዚያው ቀን ስክሪኑ ላይ መጣ። “ሪፖርታችሁ ደርሶናል። ፊርማና ማኅተም ስለሌለው በፖስታ ላኩልን።”

አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ የሪፖርቱን የወረቀት ቅጂ ፈረሙ፤ መሳቢያቸውን ከፍተው ማኅተሙን አወጡ፣ እፍ እፍ አሉበትና ወረቀቱ ላይ በደንብ ረገጥ አድርገው መቱት። አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ እንዲያደርሰው ፖስታውን ይዤ ወደ አውቶቡስ ተራ የሮጥኩት እኔ ነኝ።