ስም ያልወጣላቸው ማሽኖች

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ያረጀ ፍራሽ አጥሩ ሥር አቃጠለ። የጥጥ ጭስ ከእንጨት ጭስ ይለያል፤ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። መስኮቱን ዘግቼ ሥራዬን ለመቀጠል ሞከርኩ፤ አልሆነም። ሐሳቤ ሰበታ ሄደ።

ያኔ የኢኮኖሚ ገጽ ጀማሪ ሪፖርተር ነበርኩ። የገበሬውን መሬት ይነጥቃል የተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተሰርዟል ቢባልም ቁጣው አልበረደም፤ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ መንገድ ይዘጋል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ሰው ይሞታል። እኔ ግን የተላክሁት ለተቃውሞው አልነበረም። አንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ በኮምፒውተር የሚሠሩ የሽመና ማሽኖች አስመጥቷል ተብሎ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነበር። ዓለም ገና ላይ ከሚኒባስ ወርጄ ጨው የበዛበት ትኩስ የተቀቀለ በቆሎ ገዛሁና እየጋጥኩ ሌላ ሚኒባስ ያዝኩ።

የሽመና ክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ገመቹ በር ላይ ጠበቁኝ። "አካም ቡልተን" ስላቸው ሳቁ፤ "ኦሮምኛህ የአራት ኪሎ ነው" አሉኝ። አሮጌዎቹን ማሽኖች አስጎበኙኝ። ሸማኔዎቹ ለየማሽናቸው የበሬ ስም አውጥተዋል፦ ቡሬ፣ ዳማ፣ ጉራቻ። ከወላይታ የመጣችው አበራሽ የራሷን ማሽን በመዳፏ መታ እያደረገች ጆሮዬ ሥር ጮኸች። "ዳልቻ ይባላል። ሰነፍ ነው፤ ካልሰደቡት አይነሳም!"

አዲሶቹ ጓሮ ባለ የተቆለፈ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። ቁልፉ ያለው በሥራ አስኪያጁ በአቶ ፍሬው ኪስ ነው። ኦቦ ገመቹ እኔ ፊት ለመኗቸው።

"ሰዎቼ ይግቡ፤ ይንኳቸው። አንዱ ማሽን የስድስት ሰው እንጀራ ይበላል እየተባለ ነው።"

"ተገጥሞ ሲያልቅ ያዩታል፣ ኦቦ። ሰው ያላለቀ ነገር ካየ ወሬ ያበዛል።"

አቶ ፍሬው ክፉ ሰው አልነበሩም። ሠራተኛውን በአዲሶቹ ላይ እንደሚያሠለጥኑ፣ ማንንም እንደማያባርሩ ነግረውኛል። የነገሩት ግን ለእኔ ነው፤ ለሠራተኛው አይደለም።

ከምሳ በፊት ከአጥሩ ውጭ የተቃዋሚዎች ጩኸት ሰማን። ወዲያው ድንጋይ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ይወርድ ጀመር። ዘበኛው ግንባሩ ተፈንክቶ ደም ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት እየተደናበረ መጣ። የግቢው በር ተገንጥሎ ወደቀ፤ የአቶ ፍሬው መኪና ነደደ። ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ፤ ቢጫ ሹራብ የለበሰ ወጣት የመንገዱ ቦይ አፋፍ ላይ ተደፋ። ጓደኞቹ እጅና እግሩን ይዘው ሲሮጡ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ነበር። ማን እንደተኮሰ አላየሁም፤ ስለዚህ አልናገርም።

ቀጥሎ የቤንዚን ጠርሙስ ተወረወረ። በሁለቱ አዳራሾች መካከል የተከመረው የማሸጊያ ጣውላ ተያያዘና እሳቱ ግራና ቀኙን ይልስ ጀመር። ሠራተኞቹ ይሸሻሉ ብዬ ነበር። እነሱ ግን ከማቅለሚያው ክፍል ባልዲ አንስተው፣ በረድፍ ቆመው ውሃ ተቀባበሉ፤ ወደ አሮጌው አዳራሽ ብቻ። ከብቱ ጋጣ ውስጥ እንደተቃጠለበት ገበሬ እያንዳንዱ ወደየበሬው ሮጠ። "ዳማን! ዳማን አርጥቡት!"

አቶ ፍሬው ቁልፉን ከፍ አድርገው ይለምናሉ። "በዚህ በኩል! እባካችሁ፣ አዲሶቹን!"

አበራሽ ባልዲዋን ሳታስቀምጥ ዞረችባቸው። "የትኞቹን ነው ጋሼ? አላስተዋወቁንም እኮ!"

ኦቦ ገመቹ ቁልፉን ከእጃቸው ነጥቀው ብቻቸውን ሮጡ። በሩን ሲከፍቱ የታፈነው ነበልባል ፈንቅሎ ወጣ። ቀኝ እጃቸው ሲላጥ አይቻለሁ። ጥቂት ቆይቶ ጣሪያው ተደረመሰ።

አሮጌዎቹ ተረፉ። ፋብሪካው ግን ትእዛዝ የተቀበለው አዲሶቹ ብቻ ሊሠሩት ለሚችሉት ጨርቅ ነበርና ወራት ሳይቆይ ተዘጋ። እነ ቡሬ ለብረት ማቅለጫ ተሸጡ። ሠራተኛው ተበተነ።

ዓምና ኦቦ ገመቹን ቡራዩ አገኘኋቸው፤ በወንድማቸው ብረታ ብረት ቤት ደጃፍ ተቀምጠዋል። የቀኝ እጃቸው ጣቶች አይዘረጉም። ሻይ አዘዙልኝ። ለዓመታት የያዝኩትን ጥያቄ አነሳሁ።

"ያን ጠዋት ሰዎችዎ አዳራሹ ውስጥ ቢገቡ ኖሮ፣ አዲሶቹንም ያድኗቸው ነበር?"

"እንግዲህ ልጄ፣ የሰው ልብ አላውቅም። ውሃው ግን ለሁለቱም ይበቃ ነበር።"

ይህን መልስ እስከ ዛሬ በየትኛውም ዘገባዬ አላስገባሁትም፤ ማረጋገጥ አይቻልማ። ግን አምነዋለሁ።