ገለባው የሄደበት መንገድ

ባለፈው ሳምንት ከግቢያችን ፊት ለፊት ኮብልስቶን የሚያነጥፉት ወጣቶች ድንገት ዝናብ ሲወርድባቸው ሮጠው ወደ እኔ ገቡና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠለሉ። ሌሎቹ ስልካቸውን አወጡ። አንዲት ቀጭን ልጅ ግን ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ አጎንብሳ የግቢዬን ድንጋይ መመርመር ጀመረች።

«እማማ፣ እዚህ በሩ ጋ ያለው መጋጠሚያ ለምን ወፈረ? የሌላው እኮ ቀጭን ነው፤ ሲሚንቶውም መልኩ ይለያል» አለችኝ።

ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ስንት ሰው በዚያ ደጃፍ ወጥቶ ገብቷል፤ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። «ታሪኩ ረጅም ነው» ብዬ ልጀምርላት ስል ዝናቡ አባራና አለቃቸው ጠራቸው። እሷ ሄደች፤ ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር ዋለ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አረብ አገር ሁለት ዓመት ሠርቼ ወደ ደብረ ታቦር ከተመለስኩ ገና ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች በቤቱ ያለነው አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። አባቴ ዕድሜያቸውን በጋፋት በኩል ገብስና ጤፍ ሲያርሱ ኖረው፣ መሬቱን ለወንድሜ ለቀው ከተማው ዳር ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ክረምት እዚሁ ደጃፋቸው ላይ ጭቃ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጠመ፤ ድፍረታቸው ግን አልተመለሰም። መሬቱ ረጥቦ ካዩ ምርኩዛቸውን ይዘው ደፉ ላይ ይቆማሉ እንጂ አይወርዱም። አንድ ቀን ጎረምሶች አዝለው ከቤተ ክርስቲያን ሲመልሷቸው ቁርጡን ነገሩኝ።

«ከእንግዲህ በሰው ጀርባ አልሄድም። የሰኔ ሚካኤልን በእግሬ ሄጄ ከሳምሁ ሳምሁ፤ አለዚያ ከዚህ ቤት የምወጣ በቃሬዛ ነው።»

ቀልድ አልነበረም። አባቴ አንዴ ካሉ አሉ ነው። ቤት ውስጥ ተዘግተው ሲያረጁ ታየኝና ፈራሁ፤ ደጁን ድንጋይ ላስነጥፍ ወሰንኩ።

ከአንበሳሜ ሞላ የሚባል ግንበኛ አመጣሁ። ሞላ ወሬ አያበዛም። ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ በአህያ አስጭኖ ከመጣ በኋላ፣ አንድም ድንጋይ ሳያስቀምጥ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲባጎ ሲወጥር፣ ሲፈታ፣ መልሶ ሲወጥር ዋለ። ምን እየፈለገ እንደሆነ ለማወቅ የቤት ሥራዬን ትቼ ተከተልኩት። በመጨረሻ ሲባጎው ከቤቱ በር ተነስቶ ትንሽ ዝቅ እያለ ወደ ግቢው በር ሄደ። «ይችን እንዳትነኳት» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

ሁለት ቀን እንደሠራ መርዶ መጣበት፤ እናቱ አርፈው ነበር። የመሬቱን ዝማሜ የሚለካበትን ውሃ ልክ በጆንያው ከትቶ ያንኑ ሰዓት ሄደ። ሚካኤል አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ሞላ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

«እኛው እንጨርሰዋለን» አሉ አባቴ። በርጩማቸውን ደፉ ላይ አስወጥተው ተቀመጡና ዓይናቸው ሲባጎው ላይ ዐረፈ። «ይኸ ሰውየ ሐሳቡ ሌላ ጋ ነበር መሰል። ዘሞበታል፤ አስተካክይው። መሬት ማስተካከል እኔ አውቃለሁ፤ ስንት አውድማ ለቅልቄአለሁ!»

እውነት ነው። የአባቴ አውድማ በአካባቢው የታወቀ ነበር። መሃሉ ጎድጎድ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ከፍ ያለ ስለነበር አንዲት የጤፍ ፍሬ አታመልጠውም። ደጃችንንም እንደዚያው፣ ዙሪያውን ከፍ፣ ከደፉ ሥር ጎድጎድ እንዳደርገው በምርኩዛቸው እያመለከቱ ያዙኝ ጀመር።

እኔ ደግሞ የማውቀው ነገር ነበረኝ። አረብ አገር የሠራሁበት ቤት ሰፊ በረንዳ ነበረው። በየጠዋቱ ባልዲ ውሃ ደፍቼ ሳጥበው፣ ውሃው ሳልገፋው እንኳ ወደ አንዲት ጥግ ይሳብ ነበር። ለዓይን ሜዳ የሚመስል ወለል ዘቅዛቃ ሊሆን እንደሚችል ያስተማረኝ ያ ውሃ ነው። የሞላ ሲባጎ ለምን እንደዘመመ ስለዚህ ገብቶኛል። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ነገር በተናገርኩ ቁጥር «አረብ አገር እንዲህ ነው እንዴ?» እያሉ የሚስቁብኝ ብዙ ነበሩ። ከዚያም በላይ አባቴ ከወደቁ ወዲህ እንደዚያ በሙሉ ድምፅ ሲያዙ አልሰማሁም ነበር። ደስ አለኝና ሲባጎውን ፈታሁት።

ጎረቤታችን እትዬ ዘውዲቱ የባሬላውን አንድ ጫፍ ይይዙልኛል፤ ድንጋዩን አሸዋ ላይ አስቀምጬ በመዶሻው እጀታ እየመታሁ አረጋጋዋለሁ። ከዚያ ሲሚንቶና አሸዋ አቡክቼ በየመካከሉ ያለውን ክፍተት በማንኪያ እየጠቀጠቅኩ እሞላለሁ። ሲሚንቶው የጣቶቼን ቆዳ በላው። የጾም ወቅት ስለነበር ምሳችን የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ነው፤ በዚያ ብርድ ትኩሱን ድንች መጀመሪያ እጃችንን እናሞቅበት ነበር።

ሰማዩን የሚያነቡት አባቴ ናቸው። ወደ ተራራው እያዩ «ጉና ካልጠቆረ ዝናብ የለም» ይላሉ። የመጨረሻውን መጋጠሚያ በሞላሁበት ከሰዓት በኋላ ጉና ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ደመናው የመጣው ከጀርባችን፣ ከጣና በኩል ነው። «ሲሚንቶው አልደረቀም!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ ዘውዲቱ ማዳበሪያና ሰሌን ይዘው ሮጡ፤ አልበቃም። ዞር ስል አባቴ የሚተኙበትን ቆዳ፣ ጀንዲውን፣ በምርኩዛቸው እየገፉ ደፉ ላይ አድርሰውታል። «አልብሽው፤ እኔ መደቡ ላይ እተኛለሁ» አሉኝ።

በማግስቱ ስንገልጠው ሲሚንቶው ጠንክሮ፣ ጠርቶ ጠበቀን። «ይኸ ነው ሥራ!» አሉ አባቴ። እኔም ስህተቱን አሳምሬ እንዳደረቅኩት ለጊዜው ረሳሁት።

ሁለት ቀን ፀሐይ ሆነ። በሦስተኛው ቀን በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ወረደና ሲያባራ ውሃው ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ። ቆሟል ወይስ ይሄዳል? ድፍርስ ስለነበር ለማወቅ አልቻልኩም። ከእትዬ ዘውዲቱ በረት እፍኝ ገለባ አምጥቼ በተንኩበት።

ገለባው መጀመሪያ ባለበት ቆመ። ከዚያ ዞረ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቤቱ በር፣ አባቴ ወደተቀመጡበት ደፍ ሄደና እግራቸው ሥር ተከማቸ።

አባቴ ለረጅም ጊዜ አዩት። «አውድማ ነው የሠራሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አውድማ እኮ የበጋ ነው። ዝናብ አያውቅም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንች አይተሽው ኖሯል?»

«አዎ አባ። ሲባጎውን ስፈታው አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዳላስከፋዎት ብዬ ነው።»

«ልጀ፣ ብከፋ ያልፍልኛል። ብወድቅ ግን አልነሳም።»

አፈርኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያከበርኳቸው መስሎኝ ነበር።

አራት ቀን ቀርቶን ነበር። በግቢው በር በኩል ያለውን ከፍ ያለ ጠርዝ አንስቼ ዝቅ አደረግኩት። በቤቱ በር በኩል ያሉትን ድንጋዮች ደግሞ በመሮ እየፈለቀቅኩ ከሥራቸው ጠጠር ጨመርኩ። ሲፈለቀቁ ጠርዛቸው ስለተሸራረፈ ክፍተቱ ሰፋ። ውሃ ልክ የለንም፤ ልካችን ውሃው ራሱ ሆነ። በጣሳ አፈሳለሁ፣ ገለባ እጥላለሁ፤ አባቴ ከደፉ ላይ «ወደኔ!» ሲሉ ድንጋዩን መልሼ አነሳለሁ፣ «ሄደልሽ!» ሲሉ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። በቀን ሁለቴ ሦስቴ ዝናብ ያስቆመናል። የመጨረሻውን መጋጠሚያ የሞላሁት በሚካኤል ዋዜማ ነው፤ ከደፉ ሥር ያለውን።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው ደፉ ላይ ቆሙ። ቅዳሴው ይሰማል። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው፤ ከረገጡት ድንጋዩ ይነቃነቃል፤ ካልረገጡት መሄጃ የለም። «የምወጣ በቃሬዛ ነው» ያሉት ትዝ አለኝ።

«ይርገጡት አባ፤ እኔ እንደገና እሠራዋለሁ» አልኳቸው።

ሲሚንቶውን አዩት፤ የተላጡትን ጣቶቼን አዩ። በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሚካኤል በየወሩ ነው» አሉ። «ይድረቅ።»

ከጀርባቸው ቆሜ አለቀስኩ።

የሐምሌ ሚካኤል ዕለት እየዘነበ ነበር። አባቴ ደፉን ወረዱ። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ በምርኩዛቸው መለሱት። አንድ፣ ሁለት እያልኩ እስከ አሥራ ስምንት እርምጃ ቆጠርኩ። ግቢው በር ላይ ቆሙና ከእግራቸው አጠገብ እየፈሰሰ የሚወጣውን ውሃ ጎንበስ ብለው አዩት።

«አብሮኝ ወጣ» አሉ፤ ሳቁም።

ትናንት ያቺ ልጅ የሚጠጣ ውሃ ልትለምነኝ መጣች። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ጨርሳ ስትሰማ ውሃ የሰጠኋትን ባዶ ጆግ እንደያዘች ወደ መንገዱ ዞር ብላ አየች።

«እማማ፣ የመንገዱን ሲባጎ አለቃችን ዛሬ ጠዋት ቀየረው። ውሃው ወደ እርስዎ ግቢ የሚመጣ ይመስለኛል።»

«ነገርሽው?»

«አለቃ ነው እኮ። ስንት ዓመት የሠራ ሰው፣ ምን ይለኛል?»

እኔም በእሷ ዕድሜ የነበረኝ ፍርሃት ይኸው ነበር፤ ማክበር እያልኩ የምጠራው። ለዶሮዎቼ ከማነጥፈው ገለባ እፍኝ ዘግኜ ጓንቷ ላይ አደረግኩላት፤ ጆጉንም መልሼ ሞላሁላት።

«ቢከፋ ያልፍለታል» አልኳት።

ትንሽ አመነታችና ወደ መንገዱ ወጣች። ገለባው ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳት።