የአንዲት ፊደል ሊቅ

በሰባኪዎች ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሰው የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ሲሆን ሌላው ሁሉ «ጭብጥ» ይለዋል። ስብከት ሰምቶ የሚወጣውን ሰው በር ላይ ያዝ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ጭብጡ ምን ነበር?» ስለሚል ነው። እንባውን እየጠረገ የሚወጣውን እንኳ አይምርም። እሱ ራሱ በስብከት አልቅሶ አያውቅም፤ የሚያለቅሱትንም ይንቃል። ስብከት ለእሱ እንደ አሮጌ ሰዓት ነው፤ ፈታትቶ ጠረጴዛ ላይ ካልደረደረው አያርፍም። መልሶ ሲገጥመው ግን ያየ የለም።

ሃያ ዓመት የመጽሐፍ አቧራ ሲያራግፍ የኖረው መምህር እሆናለሁ ብሎ ነው። ዘንድሮ አንድ መምህር ጡረታ ወጡና ዕድሉ መጣ። ቦታውን የሚፈልግ ሰው የአንድ ስብከት ነገረ መለኮታዊ ጭብጦችን ተንትኖ በመምህራን ጉባኤ ፊት ያንብብ ተባለ። ጭብጥ የአንድ ሽማግሌ ሰባኪን ስብከት መረጠ፤ ወንበዴዎች ደብድበው መንገድ ላይ ስለጣሉት ሰውና ስላነሳው ሳምራዊ። የተቀዳበት ካሴት ከማርጀቱ የተነሳ ይንኮሻኮሻል።

እያዳመጠ ቃል በቃል ሲገለብጥ መሃል ላይ ብዕሩ ቆመ። «ካህኑ አልፎት ሄደ። ሌዋዊው አልፎት ሄደ። ሳምራዊው ግን ጸጋ አለው።» ከዚያች ከአንዲት ቃል አርባ ገጽ አወጣ፤ ከሕግ በፊት ያለ ጸጋ፣ ከሕግ ውጭ ያለ ጸጋ፣ ሳያውቁት የሚሰጥ ጸጋ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ማቃሰቷ ካሴቱን ረበሸኝ ብሎ ጠረጴዛውን ወደ ሳሎን ካወጣው ወራት አልፈዋል። አንድ ቀን የጻፈውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰምታ ከመኝታ ቤት ተጣራች።

«ሰውዬ፣ እሳቸው እኮ ‹ጠጋ አለው› ነው የሚሉት። ቀረበው ማለታቸው ነው።»

«አንቺ መርፌሽን እወቂ» አላት ከተቀመጠበት ሳይነሳ። «ነገረ መለኮት እንደ ክር አይመዘዝም።»

«እሺ በቃ። ውሃ ታቀብለኛለህ?»

«ይህችን አንቀጽ ልጨርስ።»

አንቀጿ ሁለት ገጽ ሆነች። ውሃው ተረሳ።

በጉባኤው ቀን ኮቱን አስተኩሶ ለበሰ። ሽማግሌው ሰባኪም ተጋብዘው ነበርና ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ደራርበው ያዳምጡ ጀመር። ወደ አሥራ ሰባተኛው ገጽ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ይቅርታ ልጄ፣ እኔ ያልኩት ‹ጠጋ አለው› ነው። ሌሎቹ ራቁት፣ እሱ ጠጋ አለው። ሌላ ምስጢር የለውም።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ልብ ያለው ሰው ቢሆን አብሮ ስቆ ይቀመጥ ነበር። ጭብጥ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ።

«አባቴ፣ ሰባኪ የሚናገረውን ሁሉ ያውቃል ማለት አይደለም። ‹ጸጋ› ቢሉት ኖሮ ስብከቱ ይበስል ነበር። ለወደፊቱ ቢያስተካክሉት ጥሩ ነው።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ፤ ያፈሩት ለራሳቸው አልነበረም። ጉባኤው አርባውን ገጽ እስኪጨርስ እንኳ አልታገሠውም፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ወረቀቱን በብብቱ ሸጉጦ ቤቱ ገባ። ሚስቱ የእግሩን ኮቴ ስትሰማ ፊቱን ሳታይ መርዶውን አወቀች። የመኝታ ቤቱ በር ላይ ሲቆም፣ ጥርሷን ነክሳ ወደ ግድግዳው ተንፏቀቀችና ብርድ ልብሱን ገልጣ የአልጋውን ጫፍ ለቀቀችለት። አዘነችለት፤ ነግሬህ ነበር ብላ እንኳ አላላገጠችበትም።

እሱ የተለቀቀለትን ቦታ አየት አደረገው።

«‹ጠጋ› መሆኑን ከእኔ ሌላ ለማን ነግረሻል?» አላት፣ የበሩን ደፍ ሳያልፍ።

«ለማንም» አለች፣ ብርድ ልብሱንም ወደ ቦታው መለሰችው።