በሜዳ የሚዘጋ፣ በዳገት እንቢ የሚል መዝጊያ

ዓምደ ሚካኤል ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በርና መስኮት እንጂ ሌላ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ፣ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል የእንጨት ሥራ ቤት ነበረችው። በሩ በክረምት አብጦ አልከፈት ያለው፣ መስኮቱ በበጋ ደርቆ ንፋስ የሚያስገባበት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ራሱ ንግግር አያበዛም። ሚስቱ የማርያምወርቅ ግን ለሁለቱም የሚበቃ ስለምታወራ፣ ደንበኛ ከፍቶት የሚሄድ አልነበረም።

በ1951 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ በደጃፉ ድንች እየተንከባለለ ቁልቁል አለፈ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መንገዱን የሞላ ድንች። ወጥቶ ሽቅብ ቢያይ፣ ጣሊያን ትቶት የሄደ አሮጌ የጭነት መኪና ኋላውን በርግዶ ቆሟል፤ ሹፌሩም ድንቹን ተከትሎ እየሮጠ ይወርዳል።

ሹፌሩ ኢቲቻ ይባላል፤ የኮተቤ ልጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአባቱ ጋር ያርስ ነበር። በኋላ እርሻውን ለወንድሞቹ ትቶ መኪና መንዳት ተማረና ከእንጦጦ ገበሬዎች ድንችና ገብስ እየጫነ ወደ ገበያ ያወርዳል።

ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ለቀመለት። ለራሱ የለቀመም አልጠፋ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለው ዓምደ ሚካኤል፣ የመጨረሻውን ጆንያ አብሮት እያነሳ።

«የኋላ መዝጊያው አልዘጋ ብሎኝ በገመድ አስሬው ነበር፣ ጋሼ። ገመዱ ተበጠሰ።»

«ለምን አታሠራውም?»

«መች ሳላሠራው ቀርቼ! ሦስቴ መቀርቀሪያ ቀይሬለታለሁ። ጋራዥ ስወስደው ግጥም ይላል፤ ሜካኒኩ እየሳቀ ይመልሰኛል። እንጦጦ ወጥቼ ስጭን ደግሞ አሻፈረኝ ይላል። ይኼ መኪና እኔን ለማዋረድ የተሠራ ነው።»

«ዓምዴ ይሠራልሃል» አለች የማርያምወርቅ ከበሩ ላይ ሆና። «ያው በር ነው አይደል?»

ዓምደ ሚካኤል ገላመጣት። መኪና ነክቶ አያውቅም። ቢሆንም ጠጋ ብሎ መዝጊያውን አየው፤ ወፍራም ሳንቃ ነው፣ የቀኝ ጠርዙ ከማዕዘኑ ቋሚ ጋር ይጋጫል። ያበጠ በር መሰለው። መላጊያውን አምጥቶ አንድ ጣት ያህል ላገለት። መዝጊያው ተዘጋ። ኢቲቻ መርቆት ሄደ።

በአምስተኛው ቀን ተመለሰ።

«ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ። አሁን ሜዳ ላይ ሰፍቶ ይንኳኳል፤ እስከ ገበያው ድረስ ገብስ እየዘራሁ ነው የወረድኩት። ዳገት ላይ ደግሞ ያው እንደ ድሮው አይዘጋም።»

ዓምደ ሚካኤል ፊቱ ቀላ። በአሥራ ሰባት ዓመት ሥራው አንድም በር ተመልሶ መጥቶበት አያውቅም። መዝጊያውን ደጋግሞ ከፈተ፣ ዘጋ። ማጠፊያውን ነካካ። ምንም አላገኘም።

«ነገ ስትወጣ ይዘኸኝ ውጣ» አለው በመጨረሻ።

«ጥሩ፣ ጋቢና ይቀመጣሉ።»

«አይ፣ ከኋላ ነው የምሆነው።»

በማግሥቱ ባዶ ጆንያ አንጥፎ በደረቱ ተኛና ጣቱን በመዝጊያውና በቋሚው መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ አስገባ። ሰፈሩን እስኪያልፉ ክፍተቱ ከላይም ከታችም እኩል ነበር። ድንጋያማው የእንጦጦ ዳገት ሲጀምር የግራው የኋላ ጎማ ድንጋይ ላይ ወጣ፤ ወዲያው ከላይ ያለው ክፍተት ጠበበ፣ ከታች ያለው ሰፋ። ጣቱን ለጥቂት አተረፈ። ጎማው ሲወርድ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። በሚቀጥለው ድንጋይ ላይ እንደገና እንደዚያው ሆነ። የመኪናው የጭነት ሳጥን በእጅ እንደጨበጡት የክብሪት ቀፎ ይጣመማል።

«አቁም!» ብሎ ጋቢናውን ደበደበ።

ኢቲቻ ደንግጦ ዘለለ። «ወደቁ እንዴ?»

ዓምደ ሚካኤል ጎማው ድንጋዩ ላይ እንዳለ ከኪሱ ሲባጎ አወጣ። አንዱን ጫፍ ለኢቲቻ አስያዘውና ከላይኛው ግራ ማዕዘን እስከ ታችኛው ቀኝ ማዕዘን ለካ። ከዚያ ከላይኛው ቀኝ እስከ ታችኛው ግራ ለካ። ሁለቱ በአራት ጣት ይበላለጣሉ።

«መዝጊያህ ጤነኛ ነው» አለ። «የተጣመመው ቤቱ ነው።»

«የምን ቤት?»

«መዝጊያው የገባበት ሳጥን ነዋ። ጋራዡ ደልዳላ ስለሆነ ሳጥኑ እዚያ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እዚህ ግን አንድ ጎማ ከፍ ባለ ቁጥር ይጠመዘዛል።»

ከመኪናው ሥር በጀርባው ገባ። የደረቀውን ጭቃ በቢላዋ ሲፍቀው፣ ወለሉን ከሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች የመጨረሻው፣ ልክ ከመዝጊያው በታች ያለው፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ተገኘ። ከመኪናው የብረት አጽም፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ብሎንም ላልቶ ይወዛወዛል። ጭቃው ስለሸፈነው ማንም አላየውም ነበር።

ሥራው ሦስት ቀን ወሰደ። ከደረቀ ጥድ አዲስ አግዳሚ ጠረበ፤ ለማዕዘኖቹ ብረት አስቀጥቅጦ አሠረ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። የላገውን ጠርዝም ቀጭን ሳንቃ ለጥፎ መለሰ። ኢቲቻ «ይኼስ ለምን ነው?» ሲለው፣ «ይኼ የኔ ጥፋት ነው» አለው።

የሚፈትኑበትን ቦታ ኢቲቻ መረጠ፤ ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ መንገዱን ጎርፍ የበላበት ቦታ። ድንች እንደጫኑ አንዱን ጎማ ቦዩ ውስጥ አስገብተው አቆሙት።

«እርስዎ ይዝጉት፣ ጋሼ።»

«አንተ ዝጋው። መኪናው ያንተ ነው።»

ኢቲቻ ገፋው። መዝጊያው ሳያጉረመርም ገባ፤ መቀርቀሪያውም ቀጭ አለ። ከፈተው፣ እንደገና ዘጋው። ስድስት ጊዜ እየሳቀ ከፍቶ ዘጋው። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ አንዲት ሴት ቆማ አየቻቸውና ራሷን ነቅንቃ አለፈች። ዓምደ ሚካኤል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የባሕር ዛፉን ነፋስ ያዳምጥ ነበር፤ እጁን ሲያይ በሰጋቱራ ፈንታ ጥቁር ግሪስ ብቻ ነው። ደስ አለው።

ኢቲቻ ወሬውን በየገበያው አዳረሰው። መጀመሪያ አንድ ሹፌር መጣ፣ ከዚያ ሌሎች። «መዝጊያዬ ተበላሸ» ብሎ የመጣውን ሁሉ ዓምደ ሚካኤል መዝጊያውን ሳይነካ፣ «ጫንና ከኋላ አስቀምጠኝ፤ ዳገት እንውጣ» ይለዋል። የማርያምወርቅ ግሪስ የነካውን ካፖርቱን ስታጥብ ታማርራለች፤ ለጎረቤት ስታወራ ግን «የኔ ባል መኪና ያክማል» ትላለች። በአራት ዓመት ውስጥ በርና መስኮት ለሌላ አናጢ ተወና ሙሉ የጭነት ሳጥን ይሠራ ጀመር። ኮተቤ መንገድ ዳር ሰፊ ግቢ ተከራየ።

ለማርያም ንግሥ በሄዱበት አንድ ዓመት፣ ዓምደ ሚካኤል ሳጥኑን በሠራለት፣ ኢቲቻ በሚነዳው አዲስ መኪና ላይ ጎረቤት ሁሉ ተጭኖ እየዘፈነ ወጣ። ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር የያዙትን ቆሎና ጠላ አቀረቡ። የማርያምወርቅ ስለ አንድ ሰው ሠርግ ረጅም ወሬ ጀመረች። ግማሹ ላይ ስትደርስ ባሏ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችውና ወሬዋን ለኢቲቻ ቀጠለች።