ጋሽ ኃይለ መስቀል ያፈረሱት ደረጃ

ጋሽ ኃይለ መስቀል ግንበኛ ነበሩ። በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ስንት ፎቅ ሲቆም ድንጋይ ጠርበዋል፤ ኋላም ካፖ ሆነው ሌላውን አሠርተዋል። የራሳቸውን ቤት ግን ማንንም አላስነኩም። የካ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቁልቁል ወርዶ ከሰፈሩ ጋር በሚገናኝበት ዳገት፣ ከሥራ መልስ እየሠሩ በገዛ እጃቸው አቆሙት። ቤቱን ያስቀመጡት ከግቢው ጫፍ፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ነው። ጎረምሳ ነበሩና ከተማውን ቁልቁል ማየት አማራቸው። ከውጭው በር እስከ ቤቱ ድረስም በጥርብ ድንጋይ ረዥም ደረጃ ሠሩ። እንግዳ ሲመጣ ከቤቱ በፊት የሚያደንቀው ደረጃውን ነበር። "ይሄማ የቤተ መንግሥት ነው!" ሲሏቸው እንዳልሰሙ ሆነው ሪዛቸውን ያሻሹ ነበር።

ታች፣ ከውጭው በር አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ፣ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ጨመሩ። ጡረታ ሲወጡ በኪራይዋ ሊጦሩ ነው። "ልጄ ፀዳለ አግብታ ትሄዳለች፤ ይቺ ቤት ግን የትም አትሄድም" ይሉ ነበር።

ቤቷም ሄደች። በስልሳ ሰባት ክረምት ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ይሁን ተባለና ታችኛዋ ቤት የቀበሌ ሆነች። ተከራዮቹ ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ሰብሪያና የአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ባሏ ሀሚድ ነበሩ። እነሱ እዚያው ቀሩ፤ ኪራዩን ለቀበሌ መክፈል ጀመሩ። ጥፋት አልነበራቸውም፤ ጋሽ ኃይለ መስቀልም ይህን ያውቃሉ። ቢሆንም ልብ ያወቀውን ፊት ሁሌ አይታዘዝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ። ሰብሪያ "እንደምን አደሩ ጋሼ" ስትላቸው "እግዜር ይመስገን" ብለው ያልፋሉ እንጂ ቆመው አይጠይቋትም። የዚያችን ቤት ደፍ ዳግመኛ ላይረግጡም ለራሳቸው ማሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ሰው የሚወዱ ሴት ናቸው። ለቅሶ ቢሆን ማኅበር ቢሆን የእሳቸው ድምፅ የማይሰማበት አልነበረም። እያደር ግን ጉልበታቸው ከዳቸው። መጀመሪያ ሾላ መውረድ ተዉ። ሚካኤልን መሳለምም በየወሩ የነበረው በዓመት ሆነ። ኋላማ ደረጃውን መውረድ እንደ ሩቅ አገር መንገድ ከበዳቸውና ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ መዋል ጀመሩ። ከላይ ሆነው መንገደኛውን በስም እየጠሩ ይጣራሉ፤ ቀና ብሎ የሚመልስላቸው ግን ጥቂት ነው።

በዚህ መሐል ፀዳለ ሕፃን ልጇን ሣራን ታቅፋ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። ባሏ ወታደር ነበር፤ ወደ ሰሜን ዘምቶ በዚያው ቀረ። ሣራ ዳዴ ማለት ስትጀምር ጋሽ ኃይለ መስቀል ደረጃው ላይ እንዳትወድቅ ብለው በሩን በጣውላ ጋረዱት። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ላይ ታሰሩ።

አንድ የነሐሴ ጠዋት፣ ፀዳለ ሥራ፣ ጋሽ ኃይለ መስቀል ለቅሶ ሄደው ሳለ፣ ዝናቡ ጋብ አለና ፀሐይ ብልጭ አለች። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ሣራ እስክትነቃ እግራቸውን ሊያፍታቱ ጣውላውን ገፋ አድርገው ወጡ። ሁለት ሦስት ደረጃ እንደወረዱ እርጥቡ ድንጋይ አንሸራተታቸው። ጩኸታቸውን የሰማችው ሰብሪያ ነበረች። በባዶ እግሯ ሮጣ፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ቅርብ ወደ ነበረው ወደ ራሷ ቤት አስገባቻቸው። ተመልሳም ሕፃኗን አመጣች።

ጋሽ ኃይለ መስቀል ሲመለሱ የላይኛው ቤት ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰው የለም። ደንግጠው ሲጣሩ ሰብሪያ ከታች ብቅ አለች።

"ጋሼ፣ እዚህ ናቸው። ደህና ናቸው። ይግቡ።"

ደፉ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ቆም አለ። ከውስጥ የባለቤታቸውን ማቃሰት ሰሙና መሐላቸውን ረስተው ገቡ።

የሰፈሩ ወጌሻ መጥቶ የወይዘሮ ለተጊዮርጊስን እግር ዳሰሰ። "ስብራት የለም፤ ወለምታ ነው" አለ። "ደረጃ የሚባል ነገር ግን እንዳይሞከር።" ስለዚህ እዚያው ቆዩ። ሰብሪያ የውስጡን ክፍል ለቀቀችላቸው።

ጋሽ ኃይለ መስቀል ጧትና ማታ እየወረዱ አጠገባቸው ይቀመጣሉ። የሚያዩት ነገር ገረማቸው። ባለቤታቸው እብጠቱ ሲጎድልላቸው በምርኩዝ ብቻቸውን ወደ ግቢው ይወጣሉ። ማንንም ሳይጠሩ ሽንት ቤት ደርሰው ይመለሳሉ። በሩ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ካላፊ አግዳሚው ጋር ያወጋሉ፤ ሣራ እግራቸው ሥር ጭቃ ታቦካለች። ያ ከትከት የሚለው ሳቃቸው ተመልሷል።

አንድ ቀን "ኃይሌ፣ አትቆጣኝም?" አሏቸው።

"ምን አጠፋሽና?"

"ወደ ላይ መመለስ አልፈልግም።"

ጋሽ ኃይለ መስቀል ቀና ብለው ወደ ላይኛው ቤት አዩ። "ቤትሽን ጠላሽው?" አሉ።

"እንዴት እጠላዋለሁ! ግን ስትሠራው ሁለታችንም እንደ ሚዳቋ እንዘል ነበር። አሁን ማን ይዘላል?"

ተነሥተው ወጡ። ቅር ብሏቸው ሰነበቱ። የዕድሜ ልክ ሥራቸው አንድ ስንጥቅ ሳያወጣ ቆሞ፣ ሚስታቸው የቀበሌ ቤት መረጠች። አንድ ማታ ግን ደረጃውን ሲወጡ መሐል ላይ ቆሙ፤ ትንፋሽ ሊሰበስቡ። እጃቸው ጉልበታቸውን እንደያዘ አስተዋሉ። እዚያው ቁጭ አሉና ብዙ አሰቡ።

በማግሥቱ ቀበሌ ሄዱ። የቤቶች ኃላፊው ሳያስጨርሳቸው "ጓድ ኃይለ መስቀል፣ የግል ቤት በመንግሥት ቤት አይለወጥም" አላቸው።

"ልለውጥ አላልኩም። ሚስቴ ታች ትደር፣ እነሰብሪያ ላይ ይደሩ ነው የምለው።"

ሰውዬው ራሱን አከከ። "በአንድ ግቢ ውስጥ ማን የት እንደሚተኛ አልጠይቅም። ብቻ ስም እንዳይዛወር፣ ግድግዳ እንዳይፈርስ።"

ሀሚድ ከአሰብ ሲመለስ ነገሩ ተነገረው። ስኒውን አስቀመጠና "ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ላይኛው ቤት ገብቼ ነገ ውጣ ቢሉኝስ?" አለ።

"አንተስ ነገ ከታች ውጡ ብትለኝ?"

ሰብሪያ ጣልቃ ገባች። "እንግዲያው አንዳችሁ ሌላውን ካስወጣ ሁለታችሁም ሜዳ ላይ ናችሁ!"

ሁሉም ሳቁ። ከስልሳ ሰባት ወዲህ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከዚያ ጋሽ ኃይለ መስቀል መሣሪያቸውን አወጡ። ድሮ ቤት ሲሠሩ የሚጀምሩት ከመሬቱ ነበር፤ አሁን ከባለቤታቸው ጀመሩ። ሣጥን ላይ እያስቀመጡ፣ ጣውላ እየጨመሩ፣ "በይ እስቲ ተነሺ" እያሉ ያለ ደጋፊ የሚነሡበትን ከፍታ አገኙ። አልጋውንም፣ ደጅ ያለውንም መደብ በዚያው ልክ አደረጉት። የበሩን ከፍ ያለ ደፍ ጠርበው ከወለሉ ጋር አስተካከሉ። "ቀበሌ የከለከለው ግድግዳ ነው፤ ደፍ ግድግዳ አይደለም" አሉ ለሀሚድ እየጠቀሱት። ከአልጋው እስከ ሽንት ቤት ድረስ የባሕር ዛፍ አጣና በወገብ ልክ ዘረጉ፤ እጅ እንዳይወጋ በጠርሙስ ስባሪ ፋቁት። ሽንት ቤቱ ውስጥ መሐሉ የተበሳ የእንጨት መቀመጫ አኖሩ።

ፀዳለና ሰብሪያ ላይ አብረው ስለሚኖሩ ማዕድ ቤቱ አነጋገረ። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ በአንድ ድስት አይገባምና ጀርባ ለጀርባ የተሰጣጡ ሁለት ትንንሽ ማዕድ ቤቶች ሠሩ። መሐል ግድግዳው ላይ መስኮት ተዉላቸው። ሴቶቹ በዚያች መስኮት ጨውም ወሬም ይቀባበሉ ጀመር። በጾም ቀን ሽሮው ለሁሉም ከአንዱ ይወጣል።

የቀረው ደረጃው ነበር። ፀዳለና ሣራ ከነሰብሪያ ጋር ላይ ሆነዋል፤ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ደግሞ ከባላቸው ጋር ታች ቢያድሩም የገዛ ቤታቸውን መጎብኘት አምሯቸዋል። ጋሽ ኃይለ መስቀል አንድ እሑድ ዲጂኖ ይዘው ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሙ። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲነቀል ዓይናቸውን ዞር አደረጉ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀለላቸው። ሲሚንቶ በዚያን ጊዜ የማይገኝ ነገር ነበርና ያንኑ ድንጋይ በጭቃ እያያዙ፣ ግቢውን ከዳር ዳር እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ የሚወጣ መንገድ ሠሩበት። በየማጠፊያው ማረፊያ መቀመጫ አለው። ሀሚድ መኪናው ባረፈ ቁጥር ድንጋይ ይሸከማል። ሰፈሩ "ሰውዬው ቤቱን ሊያፈርስ ነው" ብሎ አማቸው።

በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሣራን አስቀድመው፣ ወጡ። በየማጠፊያው አረፍ እያሉ፣ ማንም ሳይዛቸው ደረሱ። ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አዩና "መስኮቴን የሚወለውል ሰው ጠፋ?" ብለው ፀዳለንና ሰብሪያን ተቆጡ። ሁለቱ ሴቶች ተያይተው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሁሉም ነገር ሰመረ ማለት አይደለም። በሚቀጥለው ክረምት መንገዱ አዳልጦ ሀሚድን ራሱን ጣለው፤ ቦይ መቆፈርና ጠጠር ማልበስ ግድ ሆነ። ሰብሪያ በርበሬ ስታስወቅጥም ጋሽ ኃይለ መስቀል እያነጠሱ "ደርግ እንኳ እንዲህ አላደረገኝም" ብለው ያጉተመትማሉ፤ ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ግን በዚያች ቤት ብዙ ዓመት ኖሩ፤ መስኮት ላይ መዋልም ቀረ።

ሥራው ወሬ ሆኖ ወጣ። መጀመሪያ የእድር ዳኛው ለእናታቸው ሊያሠሩ መጡ፤ ቀጥሎ ካራ ድረስ እየወሰዷቸው ያማክሯቸው ጀመር። አንድ ጊዜ እንጦጦ ላይ የሚኖሩ የአንድ ሽማግሌ ቄስ ልጆች ለአባታቸው ክፍል ሊሠሩ ጠሯቸው። ልጆቹ ቆርቆሮውና ድንጋዩ የተከመረበትን እያሳዩ፣ ስፋቱን በእርምጃ እየለኩ አስረዷቸው። ጋሽ ኃይለ መስቀል ሰምተው ሲጨርሱ ቄሱን ዞር ብለው አዩና፣

"አባቴ፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሡ መጀመሪያ የሚይዙት ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ።

ቄሱ ፈገግ አሉ። "ይህንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም" አሉና፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሊያሳዩዋቸው ተነሡ።